ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጉርብትና

ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ተራራ በማለዳ የሚወጣ ሰው በመንገዱ ላይ ኹለት ዐይነት ተጓዦችን ያገኛል። አንዶቹ ሽቅብ የሚወጡ ሴቶች ናቸው፤ ገመዳቸውን በወገባቸው ጠምጥመው ቅጠልና ጭራሮ ለመልቀም ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ ይሄዳሉ። ሌሎቹ ቍልቍል የሚወርዱ ልጆች ናቸው፤ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ ትምህርት ቤት ይወርዳሉ። ሽቅብ የምትወጣው ሴትና ቍልቍል የሚወርደው ልጅ ከአንድ ቤት የወጡ እናትና ልጅ የሚኾኑበትም ጊዜ ብዙ ነው። እርሷ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ሸክም ተሸክማ ስትመለስ፣ ልጁ ደግሞ የቀኑን ትምህርት ጨርሶ ዳገቱን ይያያዘዋል።

በዚህ ወር ለአንባብያን ልናቀርበው ያሰብነው ነገር በዚሁ መንገድ ምክንያት የተነሣ ክርክር ነው። በነሐሴ ወር፣ የፍልሰታ ጾም ገና ሳይፈታ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ባለ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ነበር። ስብሰባው በጧት ተጀምሮ እስከ ቅዳሴ መግቢያ ሰዓት ድረስ ዘለቀ። የመጣነው ለማዳመጥ ነበር፤ ስንመለስ ግን እኛም በነገሩ ተካፋዮች ኾነን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ሲጀመር፣ ቀድሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ኾኖ የኖረው አንደኛ ደረጃ ተከፍሎ፣ እስከ ስድስተኛ ያለው አንደኛ ደረጃ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ኹለተኛ ያለውም ኹለተኛ ደረጃ ተባለ። በወረቀት ላይ ይህ የቍጥር መለዋወጥ ነው። በአንድ መንደር ውስጥ ግን፣ አንድ ልጅ ዕድሜው ዐሥራ ኹለት ሲሞላ ከለመደው ግቢ ወጥቶ ወደ ሌላ ግቢ ይሂድ ወይስ አይሂድ የሚል ጥያቄ ያመጣል። በስብሰባው ላይ የቀረበውም ሐሳብ ከተራራው ሥር ያለው የላይኛው ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ብቻ እንዲያስተምር፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎቹ በአስፋልቱ ዳር ወዳለው ወደ ታችኛው ትምህርት ቤት እንዲወርዱ፣ በታችኛው ለእነርሱ ቦታ እንዲገኝም ከዚያ ካሉት ሕፃናት ከፊሎቹ ወደ ላይኛው እንዲወጡ የሚል ነበር። ስለዚህ ኹለት መንደሮች ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ ማለት ነው። የታችኛው መንደር የጋራ መኖሪያ ቤት ባለዕጣዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ባለሱቆችና ጥቂት ባለቪላዎች የሚኖሩበት ነው። የላይኛው ደግሞ የቀን ሠራተኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና እንጨት ለቃሚዎች መንደር ነው።

በመጀመሪያ የተናገሩት ከታችኛው መንደር የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ቈጥቤ ዕጣ ወጥቶልኝ እዚህ ስገባ፣ ከቤቱም በላይ ደስ ያሰኘኝ ልጄ ከደጄ ወጥቶ በአምስት ደቂቃ ትምህርት ቤቱ መድረሱ ነበር። አሁን የስምንት ዓመት ሕፃን ዳገት ወጥቶ ይማር ሲባል ይገርመኛል። እግዚአብሔር ያቀረበልንን እኛ ለምን እናርቀዋለን?» ብለው ተቀመጡ። ብዙዎች አጨበጨቡ።

ቀጥለው የተነሡት ነጠላቸውን አደግድገው ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ እናት ናቸው። «እኔ ንግግር አላውቅም፤ ይቅር በሉኝ። ልጄ ስድስተኛን ጨርሳለች። እኔ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቼ ጫካ እገባለሁ። እሷ ታናሽ ወንድሟን አልብሳ፣ የሚበላ ካለ አብልታ፣ ከሌለም ዝም ብላ ይዛው ትሄዳለች። እስከ ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ኹለቱም ይደርሱ ነበር። አሁን እሷ ታች፣ እሱ ላይ ከኾነ እሱን ማን ያደርሰዋል? ደግሞ ማታ ስትመለስ መንገዱ በጫካው ዳር ነው። ሴት ልጅ ናት» አሉ።

ሴት ልጅ ናት ያሉበትን ምክንያት አላብራሩም፤ አዳራሹም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ከዚያ በኋላ ለሰዓቱ ማለፍ ምክንያት የኾነው የመሪጌታ ንግግር መጣ። ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚጠጋ፣ የልጅ ልጆቻቸው በላይኛው ትምህርት ቤት የሚማሩላቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። «እኔ» አሉ፣ «በዘጠኝ ዓመቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኮፋዳ አንግቤ ከአባቴ ቤት ወጣሁ። ቅኔ ፍለጋ ስንት ቀን በእግሬ ተጕዤ ጎንጅ ገባሁ። እናቴን ሰባት ዓመት አላየኋትም። በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያልሁ ቍራሽ ለምኜ፣ ከውሻ ጋራ ታግዬ ነው የተማርሁት። ዛሬ የግማሽ ሰዓት መንገድ ሩቅ ተባለ!» ሰው ኹሉ ሣቀ። ያቺ እናት ግን አልሣቁም። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በቀስታ፣ «መሪጌታ፣ እርስዎስ ሄደው ሰው ኾነው ተመለሱ። ከእርስዎ ጋራ ወጥተው ያልተመለሱት ስንት ነበሩ?» አሏቸው።

መሪጌታ ዝም አሉ። በኋላም «ብዙ» አሉና ተቀመጡ።

ይህ አንድ ቃል እኛን ብዙ አሳስቦናል። የቆሎ ተማሪነት ለዚህች አገር ያፈራው ፍሬ የሚካድ አይደለም። ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የወጡት ወጣቶች ናቸው የአባቶችን ትምህርት እስከ ዛሬ ያደረሱት። ለዛሬው ክርክርም ከዚያ ሥርዐት የሚጠቅመን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የባላባትም ልጅ የድኻም ልጅ ደበሎ ለብሶ መለመኑ፣ በአንድ ጎጆ ማደሩና በአንድ መምህር እግር ሥር መቀመጡ ነው። ሀብታሙ አባት ስንቅ ቢልክ እንኳ ልጁ ለብቻው መብላት ነውር ይኾንበት ነበር። ነገር ግን ያ ትምህርት ልጆችን በሩቅ መንገድ እየመረጠ፣ ጠንካራውን አስቀርቶ ደካማውን የሚጥል ወንፊት እንደ ነበረ መሪጌታ ራሳቸው መስክረዋል። ሴት ልጆችማ ከመጀመሪያውኑ ወደ ወንፊቱም አልገቡም። ዛሬ ለኹሉም ልጅ እንዲኾን በምንፈልገው ትምህርት ርቀትን እንደ ፈተና ልናቆመው አንችልም።

እስቲ ስለ ርቀቱ ራሱ ጥቂት እንናገር፤ ምክንያቱም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ ኹለቱን ትምህርት ቤቶች እጅግ አቀራርቦ ያሳይ ነበርና። ካርታ ዳገትን አያሳይም። ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ሰንሰለት የሚወጣ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይቀርባል፤ በክረምት ያ መንገድ ጭቃ ነው፣ ጧት ጧትም ጉም ይለብሳል። ጅብም ቢኾን ከእንጦጦ ጫካ ጨርሶ አልጠፋም። በየካ ደግሞ ሌላ ልዩ ነገር አለ። ዐፄ ምኒልክ ለውጭ አገር መንግሥታት ለጋሲዮን ማቆሚያ የሰጧቸው ሰፋፊ መሬቶች፣ የእንግሊዝም የፈረንሳይም ግቢ፣ ዛሬም በአጥር እንደ ተከበቡ በመንደሮቹ መካከል ተዘርግተዋል። በውስጣቸው ያለው ደን ለዐይን ደስ ያሰኛል፤ በካርታ ሲታይ ጎረቤት የኾነ ልጅ ግን የአጥሩን ዙሪያ ሳይዞር አይደርስም። ከእንጦጦ የሚወርደው የቀበና ወንዝም ድልድይ ባለበት እንጂ ልጅ በፈለገበት አያሻግርም። ስለዚህ «ቅርብ» የሚለውን ቃል በመስመር የለካው ሰውና በእግሩ የለካው ልጅ አንድ ነገር አይሉም።

የአስተዳደር ወሰንም እንዲሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ተቈርጦ ለሚ ኩራ የተባለው ዐሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ አያትና የካ አባዶን የመሳሰሉት ሰፈሮች ወደ አዲሱ ገቡ። ትናንት የየካ ነዋሪ የነበረ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ የለሚ ኩራ ነዋሪ ኾነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር፣ ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አንዱ ነበርና፣ በመንገዱ ዳርና በሌሎችም መስመሮች ይኖሩ ከነበሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። በስብሰባው ላይ ከነዚህ አንዱ የኾኑ አባት ነበሩ። ልጆቻቸው ዛሬም በቀድሞው ትምህርት ቤት ይማራሉ። «ቤቴ ሄደ እንጂ የልጆቼ ትምህርት ቤት አልሄደም፤ ጓደኞቻቸውም አልሄዱም» አሉ። ልጆቹ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ኹለት ታክሲ ይሳፈራሉ። «ታዲያ ለምን በአዲሱ ሰፈርዎ አያስገቧቸውም?» ብሎ አንድ ሰው ቢጠይቃቸው፣ «እዚያ ማንን እናውቃለን?» ብለው መለሱ። ለካስ ለርሳቸው ቅርብ ማለት የሚታወቅ ማለት ኖሯል።

ከቀትር በኋላ የክርክሩን መልክ የለወጠ ንግግር ተደረገ። አንዲት መልካም አለባበስ የለበሱ እመቤት ተነሥተው፣ «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ዳገቱ አይደለም የሚያሳስበን። የቤት አስተዳደግ አንድ አይደለም። ልጆቼ ከማላውቃቸው ልጆች ጋራ ሲውሉ ምን ዐይነት ቃል ይዘው እንደሚመጡ እፈራለሁ» አሉ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ከላይኛው መንደር ከመጡት እናቶች ጥቂቶቹ ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

መልስ የሰጠችው በላይኛው ትምህርት ቤት የምታስተምር ወጣት መምህርት ነበረች። «እትዬ፣ ባለፈው ዓመት በክፍሌ በሒሳብ አንደኛ የወጣው ልጅ የደንብ ልብሱ አንድ ብቻ ስለ ኾነ ማታ አጥቦ በምድጃ ዳር የሚያደርቅ ልጅ ነው። ሲገባ ጭስ ጭስ ይሸታል። የክፍሉ ልጆች ግን ለጥናት አጠገቡ ለመቀመጥ ይጣላሉ» አለች። ጭብጨባው በረታ።

መልሱ ለስብሰባ የተመቸ ነበር፤ እኛ ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማንበትም። የድኻ ልጅ ኹሉ በሒሳብ አንደኛ አይወጣም፤ ብዙው እንደ ማንኛውም ልጅ መካከለኛ ነው፣ አንዳንዱም ሰነፍ ነው፣ ተሳዳቢም አይጠፋም። ከሌላው ልጅ አጠገብ የሚቀመጠው ብልህነቱን አስመስክሮ መኾን የለበትም። እመቤቲቱንም ለብቻቸው ልንወቅሳቸው አልወደድንም፤ በብዙዎች ልብ ያለውን በአፋቸው አወጡት እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠሩም። እኛ ራሳችን ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ስንፈልግ አስቀድመን የጠየቅነው «መምህሩ ማነው?» ብለን ሳይኾን «እዚያ የሚማረው የማን ልጅ ነው?» ብለን እንደ ነበረ ስናስታውስ አፍረናል። በሰንበቴ አብረን የምንቈርስ፣ በጽዋ ማኅበር ከአንድ ጽዋ የምንጠጣ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት በየካ ሚካኤል ታቦት ኋላ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን የምንሄድ ሰዎች፣ ልጆቻችን በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ነው ሲባል ለምን እንደምንደነግጥ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አዲስ አበባ እኮ ከመጀመሪያዋ ባለጠጋውና ድኻው ተቀላቅለው የኖሩባት ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጕብታ ላይ ሰፈሩ፤ ወታደሩና ሎሌው፣ ባለሞያውም በዙሪያቸው ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ግን ወዲያው እንደ ሰፈሩ አልኾነም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በተከፈተው በምኒልክ ትምህርት ቤት አስቀድመው የገቡት በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ በ1943 በኮተቤ የተከፈተው ኹለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳሪ ትምህርት ቤት ስለ ነበረ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን አንድ ላይ ያሳድር ጀመር፤ ያ ግቢ ከብዙ ለውጥ በኋላ ዛሬ የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ኾኗል። በደርግ ዘመን ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ የሕዝብ ስለ ተደረጉ፣ የቀበሌው ልጅ አብዛኛው በቀበሌው ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ክፍሉ ሰማንያም ዘጠናም ልጅ የታጨቀበት ነበረና ዘመኑን ለማመስገን አንቸኵልም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የግል ትምህርት ቤቶች እንደ ገና በዝተዋል፤ ዛሬ ልጆችን ከልጆች የሚለየው ወሰን በካርታ ላይ የተሰመረው ሳይኾን በየተርሙ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። በስብሰባው ላይ ስለ ኹለቱ መንደሮች ያን ያህል ስንከራከር፣ ከባለቪላዎቹ አንድም ሰው አልመጣም ነበር። ለምን ይመጣሉ? ልጆቻቸው በማለዳ በመኪና ተጭነው ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄደዋል።

የወላጆቹን ጭንቀት ለመረዳት ደግሞ የፈተናውን ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ኹለተኛ ክፍል ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ኾነ። ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ከጥቂቶቹ ወገን ለማስገባት የማይቈፍረው ጕድጓድ የለም። የተሻለ የሚባለውን ትምህርት ቤት አጥብቆ መያዙ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ አልተጀመረም። በአውሮፓ አቆጣጠር 1974 በዚህ ረገድ ሊታሰብ የሚገባው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዳኛ ጋሪቲ ጥቍሮችና ነጮች ተለያይተው እንዲማሩ መደረጋቸውን ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈርደው፣ ልጆች በአውቶቡስ ከሰፈር ወደ ሰፈር እንዲጓጓዙ አዘዙ፤ በመስከረምም አውቶቡሶቹ በሳውዝ ቦስተን በድንጋይ ተወገሩ። ነገሩን ይልቁንም መራራ ያደረገው ከኹለቱም ወገን ሸክሙን የተሸከሙት በአብዛኛው ድኾች መኾናቸው ነው፤ በከተማው ዙሪያ ያሉት የባለጠጎች መንደሮች ከትእዛዙ ውጭ ነበሩና። በዚያው ዓመት በደቡብ ኮርያ በሶልና በፑሳን ለኹለተኛ ደረጃ ይሰጥ የነበረው የመግቢያ ፈተና ቀርቶ ልጆች በየቀጠናቸው በዕጣ ይመደቡ ጀመር። ዕጣው ትምህርት ቤቶቹን አቀራረበ፤ ነገር ግን ጥሩ በሚባለው ቀጠና የቤት ዋጋ ናረ፤ ገንዘብ ያለው ቀጠናውን ገዛ። በእኛም አገር በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም.፣ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ሲሰማ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱ የብዙውን ሕዝብ ልጆች በአራት ዓመት ትምህርት ላይ የሚያስቀር፣ የድኻውን ልጅ ድኻ አድርጎ የሚያኖር ነው ተብሎ ነበርና። መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። የዚያ ዓመት ፍጻሜ ምን እንደ ነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻንም። ወላጅ ስለ ልጁ ሲሰጋ ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ለባለሥልጣን ብቻ ነው።

ከእነዚህ አገሮች ታሪክ የተረዳነውን ለአንድ ቀን ስብሰባ ኹሉ የሚበቃ መድኀኒት አድርገን አናቀርበውም። የራሳችንን ፍርድ ግን ሳንደብቅ እንናገር። ታላላቆቹ ልጆች ወደ ታች ይውረዱ መባሉ ለእኛ ትክክል መስሎ ታይቶናል፤ የተሻለ ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪ ያለው በታችኛው ነውና፣ የላይኛው መንደር ልጆች ያንን ማጣት የለባቸውም። ሕፃናቱን ወደ ላይ ማውጣቱ ግን ቦታ ለማግኘት ብቻ የታሰበ ስለ ኾነ አልወደድነውም፤ በላይኛው የጐደለው ውኃና መጸዳጃ ሳይስተካከል የማንንም ልጅ ወደዚያ ላኩ ማለት አይቻልም። እንግዲህ እዚያ አስቀድመው የሚማሩት ልጆች ያለ ውኃ ሲኖሩ ማንም አለመጠየቁስ? ይህን ያነሡት ዕጣ የወጣላቸው አባት ናቸው፤ እርሳቸውም ያነሡት ልጃቸው ወደዚያ ሊሄድ ይችላል ከተባለ በኋላ ነው። እውነት ለመናገር፣ ልጆች እንዲቀላቀሉ ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ድምፁ የሚሰማ ወላጅ ልጁ የሌለበትን ትምህርት ቤት ጕድለት አያይም።

አንድ ነገር ግን በኹለቱም መንደር ወላጆች ዘንድ ክርክር አላስነሣም፤ ይኸውም የምገባው ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሦስት መቶ ሺህ ለሚበልጡ ተማሪዎች ምግብ፣ የደንብ ልብስና ደብተር በነጻ መስጠት ሲጀመር፣ ምግቡ ለድኻ ልጆች ብቻ ተብሎ ሳይለይ ለክፍሉ ልጆች ኹሉ መኾኑ ብዙ ነገር አስተካክሏል። ቀድሞ ልጆች ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተው የበሉ ለማስመሰል ዘወር ይሉ እንደ ነበረ መምህራን ይናገራሉ። ዛሬ አንድ ሰልፍ ተሰልፈው አንድ ዐይነት ወጥ ይበላሉ። እመቤቲቱም ሳይቀሩ፣ «የእኔ ልጅ ቤት የሚጠላውን ምስር እዚያ ይበላል» ብለው ሣቁ። ከንግግራቸው በኋላ የሣቁት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ስብሰባው ቍርጥ ያለ ውሳኔ ላይ አልደረሰም። ስድስት ሰዎች ተመርጠው መንገዱን በእግራቸው ሄደው እንዲያዩና ለክፍለ ከተማው የሚላከውን ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ተባለ። ዕጣ የወጣላቸው አባት፣ እንጨት ለቃሚዋ እናት፣ እመቤቲቱ፣ መምህርቷ፣ የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ጸሐፊና፣ «እኔንማ ማን ሊያስቀረኝ!» ያሉት መሪጌታ ተመረጡ። እኛም ፈቃድ ጠይቀን ተከተልናቸው።

ሰኞ ጧት በአንድ ሰዓት ከላይኛው መንደር ተነሣን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበረ ምድሩ ያንሸራትት ነበር። የሰፈሩ እናቶች ከየደጃቸው ቆመው እንደ ሠርገኛ ይመለከቱን ነበር። መሪጌታ መቋሚያቸውን እየተከሉ ኹለት ጊዜ ቆመው ዐረፉ፤ የአባትየው ጫማ በጭቃ ተይዞ አንድ ጊዜ ከእግራቸው ወለቀ፤ እመቤቲቱም የእንጨት ለቃሚዋን እናት ክንድ ይዘው ነበር የወረዱት፤ የያዙትም ሳይጠይቁ ነበር፣ የተያዙትም አልከለከሉም። አጥሩ ከተጀመረበት ስፍራ ስንደርስ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በዛፎቹ መካከል ታየን፤ ከዚያ በኋላ ግን ዙሪያውን ለመዞር ብቻ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀብን። በጠቅላላው ለመውረድ ዐርባ አንድ ደቂቃ፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ኾነ። ጸሐፊው ይህን እየመዘገበ፣ «ታላላቆቹ ይውረዱ፤ ታናሽ ያላቸው ግን ታናሻቸው አብሮ ይውረድ። ማታም ልጆቹ በቡድን እንዲመለሱ የመንደሩ ወላጆች በተራ ይቀበሏቸው። ሕፃናቱ ወደ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ውኃ ይግባ» የሚሉትን ሐሳቦች አከለበት። የመጀመሪያውን ተራ ማን ይውሰድ ሲባል እመቤቲቱ ሐሙስን ጠየቁ።

የእናትየው ልጅ ስንወርድም ስንወጣም ቀድማን ትሄድ ነበር። ከላይ ስንደርስ ጸሐፊው ሰዓቱን እያየ፣ «የእኛ አረጋገጥ የሽማግሌ ነው፤ የልጅ ሰዓትም ቢገባበት መልካም ነው» አለና ጠራት። «ልጄ፣ አንቺ ከዚህ እስከ ታችኛው ትምህርት ቤት ስንት ደቂቃ ይፈጅብሻል?»

ልጅቷ እናቷን አየት አደረገችና፣ «በጠዋት ነው ወይስ ሲመሽ?» አለች።

«ምን ልዩነት አለው?»

«ሲመሽማ እሮጣለሁ።»

ጸሐፊው በወረቀቱ ላይ ለልጅ ሰዓት አዲስ ረድፍ አሰመረና በመካከሉ ለኹለት ከፈለው።